የጋሽ ሸምሱ በርበሬ

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ስለ ገረመኝ ብቻ አይደለም፤ ስላናደደኝም ነው። በማን መናደድ እንዳለብኝ ግን ዛሬም በትክክል አላውቅም።

ሶዶ ውስጥ ትንሽ የልብስ ሱቅ ነበረችኝ። ዕቃ በዱቤ የሚሰጡኝ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ገበያው አጠገብ ትልቅ ማከፋፈያ አላቸው። ለመተማመኛ ቼክ ፈርሜ ሰጥቻቸው ነበር። ከዚያ ገበያው ቀዘቀዘ፣ የሱቅ ኪራይ ጨመረ፣ እኔም ዘጋሁ። ቼኩ ግን እሳቸው ኪስ ውስጥ ቀረ። ባንክ ይዘውት ቢሄዱ ሒሳቤ ውስጥ የሚረባ ነገር የለም፤ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ደግሞ ሰውን ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንጂ ወደ ኤርፖርት አያደርስም።

ዱባይ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሥራ ሲገኝልኝ ያሰብኩት ቀላል ነበር። በጸጥታ እሄዳለሁ፣ ከመጀመሪያው ደመወዜ ጀምሬ እልካለሁ። ልክዳቸው አልነበረም። አስቀድሜ ብናገር "ከፍለሽ ሂጂ" ይሉኛል፤ ሳልሄድ ደግሞ የምከፍልበት መንገድ የለኝም። ስለዚህ ነገሩን የምናውቀው እኔና እማዬ ብቻ ነበርን።

"ለማንም እንዳትነግሪ" አልኳት።

"ለማን እነግራለሁ?" አለችኝ፣ ቅር ብሏት።

የነገረችው ለእግዚአብሔር ነው። ችግሩ፣ የነገረችው ሐሙስ ዕለት በእህቶች ጸሎት ላይ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መሆኑ ነው።

እሑድ የፕሮግራም መሪው የጸሎት ርዕሶችን ማንበብ ጀመረ። የታመሙት ተነበቡ፣ ፈተና የሚወስዱት ተነበቡ። ቀጠለና "ስሟን መጥራት አያስፈልግም፤ በቅርቡ የልብስ ሱቋን የዘጋች አንዲት እህታችን ወደ ዱባይ ልትሄድ ነው። መንገዷ እንዲቃና፣ ያለባትንም ዕዳ ጌታ እንዲሸፍንላት እንጸልይ" አለ። ጉባኤው በሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየልኝ። እኔ ብቻ ዓይኔን አፍጥጬ እማዬን አያለሁ። እሷ እጆቿን ዘርግታ ታለቅሳለች።

"ስምሽን አልጠሩም እኮ" አለችኝ ወደ ቤት ስንመለስ።

ጋሽ ሸምሱ ሙስሊም ናቸው፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አይመጡም። ግን የእኛ ድምፅ ማጉያ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ካገዘው ገበያውን አልፎ ይሄዳል። የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ። ሻይ ቀረበላቸው፣ ስኳር ጨመሩ፣ እማዬን ስለ ወገቧ ጠየቋት። ስለ ቼኩ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

"ሰምቻለሁ" አሉ በመጨረሻ። "እኔም ሱቄ ተቀምጬ አሚን ብያለሁ።"

"ጋሼ፣ ልነግርዎት እኮ ነበር..."

"ስንት ኪሎ ነው የሚፈቅዱልሽ?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ስለ ሻንጣ መሆኑ ሲገባኝ ነገርኳቸው።

"ጥሩ ነው። ወንድሜ ነስሩ እዚያ ነው ያለው። ትንሽ በርበሬ አለችኝ፣ ታደርሺልኛለሽ" ብለው ተነሡ።

እስቲ ቼካችሁን ኪሱ ውስጥ የያዘን ሰው እንቢ በሉ።

በማግስቱ ሻንጣ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ "ትንሿ በርበሬ" በራችን ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። በማዳበሪያ ተጠቅልላ፣ በሲባጎ ታስራ፣ ጉልበቴ ድረስ ትደርሳለች። ጋሽ ሸምሱ ራሳቸው አምጥተው ትእዛዝም ትተው ሄደዋል።

"ከእጅሽ ወደ ነስሩ እጅ ብቻ" አለችኝ እማዬ። "እሱ ሳይመጣ ከኤርፖርቱ ንቅንቅ እንዳትይ ብለዋል። ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ።"

ወሬው ከተዳረሰ በኋላማ ጉኑኖ የምታስተምረው ጓደኛዬ ወርቅነሽም መጣች። የእሷም ጥቂት ብር አለብኝ። ዱባይ ላለች የእህቷ ልጅ አንድ ትልቅ ጣሳ ቅቤ ይዛ "ስለ ብሩ አታስቢ" አለችኝ፣ ጣሳውን እያስረከበችኝ። ብሩን ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። እማዬ የመጣውን ሁሉ በደስታ ትቀበላለች። "ቢያምኑሽ አይደል የሚልኩሽ?" ትላለች። እየተመዘነ ሲሄድ ለመንገዱ የገዛሁት ጫማ ወጣ። ጃኬቴ ወጣ። እማዬ ለእኔ ብላ የፈጨችው የቃሪያ ዳጣ እንኳን ወጣ። የሰው በርበሬ ገብቶ የእኔ ዳጣ ሶዶ ቀረ።

አዲስ አበባ ኤርፖርት ፓስፖርቴን ስሰጥ የማስበው ቼኩን ብቻ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ሐሳባቸውን ቀይረው ዛሬ ጠዋት ባንክ ሄደው ይሆን? ስሜ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ይኖር ይሆን? ሠራተኛው ፓስፖርቴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ማኅተሙን መታና መለሰልኝ። ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

ዱባይ ስደርስ፣ ሥራውን ያስገኘልኝ ወኪል ይቀበልሻል ያለኝ ሰው የለም። በኤርፖርቱ ዋይፋይ ደጋግሜ ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። አንድ ሌላ የማላውቀው ሰው "ነይ ላድርስሽ" እያለ ይከተለኛል። ድካሙና ፍርሃቱ በዝቶብኝ ልሄድለት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያቆመኝ ያ የተረገመ በርበሬ ነው። በርበሬውን ሳላደርስ ብጠፋ ጋሽ ሸምሱ ቼኩን ባንክ ያስገቡታል ብዬ እዚያው በርበሬው ላይ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ስሜን በካርቶን ላይ ጽፎ እያለከለከ ደረሰ። ነስሩ ነበር። ወኪሉ እስኪገኝ ድረስ እሱና ሚስቱ ቤታቸው አስቀመጡኝ።

በማግስቱ ነስሩ ሱቁን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ገና ከበሩ ደርቄ ቀረሁ። የሐበሻ ቅመም መሸጫ ነው። በርበሬ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። የእኔን ሲባጎ እንኳን ሳይፈታ ጥግ ላይ ጣለው።

"ይሄ ሁሉ እያለህ የእኔኛው ምን ይሠራልሃል?" አልኩት።

"ምንም" አለ እየሳቀ። "ወንድሜ 'ልጅቷ ብቻዋን ናት፣ ተቀበላት' ነው ያለኝ። በርበሬው አንቺ እንድትጠብቂኝ ነው።"

ጫማዬና ጃኬቴ ትዝ አሉኝ። ዳጣዬም ትዝ አለኝ። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝና ተናደድኩ።

ከዚያ ወዲህ ዕዳዬን በየወሩ ለነስሩ እየሰጠሁ ቆየሁ። አንድ ቀን ጋሽ ሸምሱን በስልክ አፋጠጥኳቸው። "ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ለእኔ አስበው ነው ወይስ ለገንዘብዎ?"

"ልጄ፣ ገንዘቤ ያለው አንቺ ጋ ነው" አሉኝ። "የትኛውን ከየትኛው ለይቼ ልጠብቅ?"

እንዲህ ያለ መልስ ምን ይደረጋል? ላመሰግናቸው ስነሣ እናደዳለሁ፤ ልናደድባቸው ስነሣ አፍራለሁ።

ባለፈው ወር የመጨረሻውን ከፈልኩ። ወዲያው እማዬ ጋ ደውዬ "አሁኑኑ ሄደሽ ቼኬን ተቀበይልኝ" አልኳት።

"ቼኩ እኔ ጋ ነው" አለችኝ፣ ስለ ጎመን እንደምታወራ ሁሉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"በርበሬውን ያመጡ ዕለት ሰጡኝ። መንገድ ላይ ሐሳብ እንዳይሆንባት ስጪያት አሉኝ። መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለ።"

ኤርፖርቱ ትዝ አለኝ። በጀርባዬ የወረደው ላብ ትዝ አለኝ። እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች ትዝ አሉኝ። ምስጢሬን በድምፅ ማጉያ ያስነገረች እናቴ፣ ይህቺን አንዷን ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

"ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?" ብዬ ጮህኩባት።

"ብነግርሽ ኖሮ በርበሬውን ጥለሽው ትሄጂ ነበር።"

እውነቷን ነው፣ ጥዬው እሄድ ነበር። ነስሩንም አልጠብቀውም ነበር። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኸው ነው።