የፍሌቸር ሰባት ቤት

ወንድ አያት ማለት የአባት ወይም የእናት አባት ነው። የእሱ አባት ቅድመ አያት ይባላል፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ብዙዎቻችን የምናስታውሳቸው ጋብቻ ሲመጣ ብቻ ነው።

ካዚኖ አብሮኝ የሚሠራው ግሌን ፍሌቸር የደብረ ማርቆስ ሰው የሆኑትን የአቶ ተካን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ አድርጎ ላከኝ። ሙሽራ ለሽምግልና አይሄድም ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም፤ ተከትሎኝ ዊንቸስተር፣ እሳቸው ቤት ድረስ መጣ።

አቶ ተካ ሶፋቸው ላይ ተደላድለው፣ "ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤቱን ይቁጠር" አሉ።

"እንግሊዝንና ደብረ ማርቆስን ምን ያዛምዳቸዋል?" አልኩ።

"ሥርዓት ሥርዓት ነው!"

ግሌን የቤተሰቡን ስም ታሪክ ሲያጠና የኖረ ሰው ስለሆነ በደስታ ጀመረ። "ግሌን ፍሌቸር፣ ሮበርት ፍሌቸር፣ ዊሊያም ፍሌቸር..."

"ቆይ፣ ቆይ! አንዱን ፍሌቸር እየደጋገመ ሊያታልለኝ ነው?"

ፍሌቸር ማለት ጥንት እንግሊዝ አገር ፍላጻ የሚሠራ ሰው መጠሪያ እንደነበረ፣ ልጆቹም ስሙን ሲወርሱ እንደኖሩ አስረዳኋቸው።

"ይሄስ ፍላጻ ይሠራል?"

"ኧረ እሱ ካርታ ነው የሚያድለው።"

"ታዲያ ስሙን ለምን አይመልስም?"

ግሌን ግን ሰባቱን አልፎ አሥራ አንድ ቤት ቆጠረ። ከዚያም በአክብሮት፣ "የእርስዎስ?" ሲል ጠየቀ፤ ተረጎምኩላቸው።

"ተካ፣ ወርቁ፣ አየለ፣ በላይነህ..." አሉና አቶ ተካ ጣሪያውን አዩ።

"ቀጥል እንጂ፣ ተካ!" አሉ ባለቤታቸው ከወጥ ቤት።

ልጅቷ አልተከለከለችም። አቶ ተካ የበላይነህን አባት የሚያውቅ ሰው አገር ቤት በስልክ እያፈላለጉ ስለሆነ፣ ሠርጉ ተራዝሟል።