ግቢው ሁሉ የሚታዘዝለት ልጅ

ባለፈው ሳምንት ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ አንድ ትንሽ እጅ ቀሚሴን ከኋላ ጎተተኝ። ዞር ስል የማላውቀው ሕፃን ነው፤ እናቱ መስዬው ኖሮ አፍሮ ሮጠ። እኔ ግን እዚያው ደርቄ ቀረሁ። እንደዚያ ቀሚስ የሚጎትት ሌላ ልጅ አውቅ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜን።

የምንኖረው ካዛንቺስ ነበር፤ ብዙ ቤተሰብ አንድ የውጭ በርና አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ። ጠዋት ጠዋት የልብስ ሳሙናና የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ይቀላቀላል፤ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳዎች ፀሐይ ተበጣጥሳ ትገባለች፤ ከውጭ የታክሲ ረዳቶች «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ይላሉ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ወንድሜ ሦስት ዓመት አልፎት አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም ነበር።

ማንም አልደነገጠም። እንዴትስ ይደንግጥ? ልጁ የጎደለው ነገር የለማ! ያገኘውን ሰው ልብስ ይዞ ወደሚፈልገው ነገር ይጎትታል። ወደ ቧንቧው ከጎተተ ውሃ፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በር ከጎተተ ዳቦ፣ ጡረተኛው ሽማግሌ ዘንድ ከሄደ ደግሞ ከረሜላ ነው። ይህን ያህል አሽከር ያለው ሰው ምን ብሎ ይናገራል? እኔም ብሆን ዝም ነበር።

«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር» ትል ነበር ልብስ ሰፊዋ። እናቴም በዚህ ትጽናናለች። እኔ ግን አንዴ ያየሁትን ነገር የማልለቅ ነዝናዛ ነበርኩ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከወንድሜ ታንሳለች፤ ድመት ስታይ በጣቷ እየጠቆመች ታሳየናለች። እሱ ግን በጣቱ ጠቁሞ አያውቅም፤ ስሙን ስንጠራውም ብዙ ጊዜ ዞር አይልም። ይህን ስነግራት እናቴ «ልጄን በሽተኛ አታድርጊው!» ብላ ጮኸችብኝ። በኋላ መዋዕለ ሕፃናቱ «አፉን ሲፈታ አምጡት» ብሎ ሲመልሰው ግን፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

ወደ ሐኪም ስንሄድ ታክሲ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣው በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። ድንገት «እናቱ መሆኔንስ ያውቅ ይሆን? አንድ ቀን እንኳ ጠርቶኝ አያውቅም እኮ» አለች። ከሰው ወሬ ይልቅ የሚያስፈራት ይህ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ጆሮው ተመረመረ፤ ደህና ነው። የንግግር ባለሙያዋ ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ ስትጫወት ቆየች። ከዚያ መዘግየቱን ሳትሸፋፍን ነገረችን፤ በልጅነቱ ማምጣታችን ጥሩ እንደሆነም ነገረችን። «አትቅደሙት። የሚፈልገውን ነገር ስም ጥሩለትና ፊት ለፊቱ ሆናችሁ ትንሽ ጠብቁት። ቀና ብሎ ካያችሁ ወይም ድምፅ ካወጣ ወዲያው ስጡት፤ እስኪያለቅስ ግን አታስጨንቁት» አለች።

ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ አንድ ግቢ ሙሉ ሰው እጁን እንዲሰበስብ አድርግ! በየቤቱ እየዞርኩ አስተማርኩ፤ በአፍ እንደሆነ አልታማም። ልብስ ሰፊዋ «ሕፃን ልጅ ደጄ ቆሞ ዝም ብዬ ላየው?» ብላ አኮረፈችኝ። ሽማግሌውን ከረሜላ በድብቅ ሲያቀብሉት ያዝኳቸው። «በቃ ልጄ፣ አልቻልኩም» አሉኝ። ቢሆንም ቀስ በቀስ ሁሉም ለመደ። «ውሃ» ይሉና ብርጭቆውን ይዘው ይጠብቁታል። እሱም ከልብሳችን ላይ ወደ ዓይናችን ቀና ማለት ጀመረ። ወራት ፈጀ እንጂ።

ዛሬ ያ ግቢ የለም፤ ቧንቧው በነበረበት ላይ መንገድ ወጥቶ መኪና ያልፋል፤ ጎረቤቶቻችንም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ወንድሜ ትምህርቱን ቀጥሏል፤ አንዳንድ ቃል ሲያስቸግረው አሁንም እንጠብቀዋለን። መጠበቅ እንደሆነ ተክነንበታል።

ያኔ ግን፣ ግቢው ገና ሳይፈርስ፣ አንድ ጠዋት እናቴ ባምቢስ ወዳለው መሥሪያ ቤቷ ልትሄድ የውጭውን በር ከፈተች። ወንድሜ ሌላ ጊዜ ስትወጣ ቀና ብሎም አያያትም ነበር። ያን ቀን ግን ከቧንቧው ሥር ተነሳ፤ ሄደና ፊት ለፊቷ ቆመ፤ ዓይኗን እያየ «ቆይ» አለ።

ያቺን የመጀመሪያ ቃሉን ማንም ተቀምጦ አላስተማረውም፤ ብርጭቆና ዳቦ ይዘን ስንጠብቀው ከሁላችንም አፍ የማትጠፋ ቃል ነበረች። እናቴ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለች።

«እሺ የኔ ጌታ፣ አልሄድም» አለችው።