የጋሼ ይልማ አውሮፕላንና የኪራይ ነገር

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ መኪናዋን በስልኳ አማካይነት ለማታውቃቸው ሰዎች ማከራየት መጀመሯን ነገረችኝ። ሳኒቬል የሚገኘው መሥሪያ ቤቷ በራሱ አውቶቡስ ስለሚወስዳት መኪናዋ ሳምንቱን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። «ኢንሹራንሱስ?» አልኳት። «አፑ ከቨር ያደርገዋል» አለች። ውሉን አንብባው እንደሆነ ብጠይቃት «ማም፣ ኖባዲ ሪድስ ዛት!» ብላ ሳቀችብኝ። ማንም አያነበውም ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ ማንም የማያነበውን እያነበብኩ እሷን ያሳደግኩ ሴት ነኝ! ልቆጣ ስል ግን ጋሼ ይልማ ትዝ አሉኝና ሳቄ መጣ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መሀል ኦክላንድ፣ ደንበኞችን ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጋር በሚያገናኝ ቢሮ ውስጥ ፋይል እደረድር ነበር። ስልክ እንድመልስ እንኳ አይፈቀድልኝም። አለቃዬ አነጋገሬ ደንበኛ ያደናግራል የሚል እምነት ነበረው። እኔ ግን የምደረድረውን ሁሉ አነብ ነበር። መጀመሪያ እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ ነው፤ እየቆየ ጣዕሙ ገባኝ። በእነዚያ ደቃቅ ፊደላት ከተጻፈው እያንዳንዱ መስመር ጀርባ አንድ ቦታ የተቃጠለ ቤት ወይም ፍርድ ቤት የቆሙ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ።

ጋሼ ይልማ የአባቴ አብሮ አደግ ናቸው። አገር ቤት የአውሮፕላን ሜካኒክ ነበሩ። ኦክላንድ ውስጥ ቀን ቀን መኪና ይጠግናሉ። ሌላው የሚያበረውን ሲጠግኑ ኖረው ራሳቸው መብረር የተማሩት ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ እዚሁ ነው። ከዚያ ባለ አንድ ሞተር፣ ባለ አራት መቀመጫ አሮጌ አውሮፕላን ከአንዲት መበለት ገዙ። ሞተሯን ፈትተው ገጠሟት፣ ክንፏን ቀቧት፣ ሳን ሆዜ ካለ አንድ ትንሽ ማረፊያ አቆሟት። ስለ እሷ ሲያወሩ ሰው አዲስ ስለተወለደ የልጅ ልጁ የሚያወራ ነበር የሚመስሉት።

አውሮፕላን ግን ቆሞም ይበላል። ማቆሚያው፣ ምርመራው፣ መለዋወጫው ማለቂያ የለውም። ስለዚህ የመብረር ፈቃድ ላላቸው አራት ያገራችን ልጆች አውሮፕላኗን ይሰጧቸው ነበር። ልጆቹ ነዳጅ ሞልተው ይመልሷታል፤ ሲመልሱም ገንዘብ ያለበት ፖስታ ወንበሯ ላይ ጣል ያደርጋሉ። ጋሼ ይልማ ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ጎማው ያዞራሉ፤ ልክ ሰርግ ቤት እጃችን ውስጥ ነገር ሲያስጨብጡን አላየንም እንደምንለው። ኪራይ የሚባል ቃል እሳቸው ፊት አይነሳም። ፖስታው «ለነዳጅ» ነው።

ገንዘቡን አላየሁም ይበሉ እንጂ ሰውየውን በደንብ ያዩ ነበር። ማንም ቁልፉን ከመንካቱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋሱም ፈርሞ አይሄድም፤ የልጁን አንድ ደግ ነገርና አንድ ጉድለት በጽሑፍ መስጠት አለበት። «ጉድለቱን የማያውቅ ሰው ምን ዋስ ይሆናል?» ይሉ ነበር። ሰለሞን የሚባለው፣ ከአራቱ አብልጠው የሚወዱት ወጣት ኢንጂነር፣ ኦክላንድ ቴሜስካል ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸውን አንድ ሰውዬ ጠርቶ ነበር። ወረቀቱ «ታማኝ ነው። ጉድለቱ ችኮላ ነው። ሲሳሳት ግን ሳይጠየቅ ይናገራል» ይላል።

በመጋቢት አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አብሬያቸው ሳን ሆዜ ወረድኩ። ዝናቡ ገና መቆሙ ስለነበር የፍሪሞንት ኮረብቶች አረንጓዴ ለብሰዋል። ያ አረንጓዴ እዚህ አገር ለስድስት ሳምንት ብቻ የሚቆይ ነው፤ ያላየው አለፈው። ጾም ስለነበር ከአንድ የምግብ መኪና አይብ የሌለው የባቄላ ቡሪቶ፣ ያን የሜክሲኮዎች ጥቅል ቂጣ ገዛን። ጋሼ ይልማ ከኪሳቸው ትንሽ የአዋዜ ጠርሙስ አውጥተው በየጉርሻው ያፈሱበት ጀመር። በዚያው መሀል ከመኪናቸው አንድ ፎርም አውጥተው ሰጡኝ።

«ኢንሹራንሱን ሪኒው ማድረጊያው ነው። አንቺ የቤቱ ሰው ነሽ፤ ፊል አድርጊልኝ።»

ሁለተኛው ገጽ ላይ ከባለቤቱ ሌላ አውሮፕላኑን ከፍሎ የሚጠቀም ሰው እንዳለ የሚጠይቅ ጥያቄ አለ። ከጎኑ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች።

«አይ በይ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ፖስታውስ?»

«ለነዳጅ ነው።»

«ነዳጁንማ ራሳቸው ሞልተው ነው የሚመልሱት!»

ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ ባገሬ ልጅ የምነግድ ሰው ነኝ? ይህን ልትዪኝ ነው?»

አባቴ ቢሰማ ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። እጄ ግን «አይ» ላይ አልሄድ አለ። ውላቸው ለግል አገልግሎት ብቻ እንደሆነ አሳየኋቸው። ሰው ከፍሎ ሲያበራት አንድ ነገር ብትሆን ኩባንያው አልከፍልም ሊል እንደሚችል ነገርኳቸው። «አይክፈል! የኔ ዕዳ ነው፣ ቤቴን ይውሰዱት» አሉ።

«ቢከፍልስ? ለእርስዎ ከከፈለ በኋላ ዞሮ ያወጣውን ሲያበራት ከነበረው፣ ለምሳሌ ከሰለሞን ሊጠይቅ ይችላል። ውሉ የሚያውቀው እርስዎን ነው፤ ሰለሞንን አያውቀውም።»

የሰለሞን ሚስት በዚያ ሰሞን መንፈቅ ያለፋት እርጉዝ ነበረች። ጋሼ ይልማ ቡሪቷቸውን ክንፉ ላይ አስቀመጡና ፎርሙን ከእጄ ወሰዱት። ሳልሞላላቸው ወደ ኦክላንድ ተመለስን። በሕይወቴ የዚያን ያህል የረዘመ መንገድ አላየሁም።

ረቡዕ ዕለት ቤት ደወሉ። አራቱንም ልጆች መብረር እንዳስቆሟቸው ነገሩኝ። «ፎርሙን እመልስልሻለሁ፤ አዎ ላይ ምልክት አድርጊ» አሉ። «የሚሸፍነን ካልተገኘ እሸጣታለሁ።» ድምፃቸው እንደ ሽማግሌ ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ፤ ከዚያ በፊት ሽማግሌ መስለውኝ አያውቁም ነበር።

በማግስቱ የምሳ ሰዓቴን ይዤ ከቢሮው ሥር ወዳለው የሕዝብ ስልክ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ምሳ የሚባል አልበላሁም። የቀድሞው ኩባንያ የሚከራይ አውሮፕላን አልፈልግም አለ። ሌላው አውሮፕላኑ አርጅቷል አለ። ሌላው ደግሞ አብራሪዎቹን ማን መረጣቸው ብሎ ሲጠይቀኝ «የአባቴ ጓደኛ» አልኩትና ስልኩን ዘጋብኝ። ነገሩን ካየነው አልፈርድበትም።

በመጨረሻ የደወልኩላት ዶሎረስ የምትባል፣ ሳን ሆዜ ለአንድ ኩባንያ ውል የምትመረምር ሴት ነበረች። እሷም ያንኑ ጠየቀችኝ። አሁን ግን ስለ ዋሶቹ ነገርኳት። «እስኪ አንዱን አንብቢልኝ» አለችኝ። ጋሼ ይልማ ከሰጡኝ ወረቀቶች የሰለሞንን አውጥቼ እዚያው እየተረጎምኩ አነበብኩላት። «ሰውየውን ዓርብ ይዘሽልኝ ነይ፤ ወረቀቶቹንም» አለች።

ጋሼ ይልማ ለቃለ መሐላ የሚቆም ሰው መስለው በሙሉ ልብስ መጡ። ዶሎረስ ትርጉሞቼን አንድ በአንድ አነበበች። ያመለከቷት ሁሉ አብራሪዎቻቸውን መላእክት አድርገው እንደሚጽፉላት፣ ጉድለት ጽፎ ያመጣላት ሰው ግን አይታ እንደማታውቅ ነገረችን። ከዚያ ወደ ጋሼ ይልማ ዞረች።

«ቁልፍ የከለከሉት ሰው አለ?»

«የወንድሜን ልጅ ከልክያለሁ» አሉ። «አነሳሱ መልካም ነው። ስህተቱን ግን ይደብቃል። መሬት ላይ የሚደብቅ ሰማይ ላይም ይደብቃል።»

ዶሎረስ ጻፈች። ቀጥላም «ለአንድ ሰዓት ኪራይ ስንት ይቀበላሉ?» አለቻቸው።

እንግሊዝኛው በደንብ ገብቷቸዋል፤ መተርጎም አላስፈለገም። ክራባታቸውን ላላ አደረጉ። ፖስታ ሲጣል ወደ ጎማ ሲዞር የኖረ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ የሚዞርበት ጎማ አልነበረውም። እኔን አዩኝ፤ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።

«ኪራይ እቀበላለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ዋጋ ቆርጬ ግን አላውቅም። ዛሬ እቆርጣለሁ።»

ከዚያ ወዲያ የቀረው ዝርዝር ነበር፤ እኔ ግን እንደ ጠላ እየጣመኝ አዳመጥኩት። ውሉ ኪራይን በግልጽ ይሸፍናል። የአራቱም ስም ውሉ ላይ ይሰፍራል፤ ከእነሱ ሌላ ማንም አያበራትም። እያንዳንዳቸው ከአስተማሪ ጋር በዚያችው አውሮፕላን ላይ ዐሥር ሰዓት ይበራሉ። በተጨማሪም ኩባንያ ዞሮ ቢጠይቃቸው የሚከላከልላቸውን የተከራይ ኢንሹራንስ ለየራሳቸው ይገዛሉ። «ሰለሞን ተሸፈነ ማለት ነው?» ብለው ጋሼ ይልማ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ሁለት ጊዜም አዎ አልኳቸው። መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወርውረው ሲቀልቡ አየኋቸው፤ ያ ኩሩ ሰው!

ልጆቹ ሰዓታቸውን የጨረሱት በግንቦት ነው። የመጀመሪያው ሕጋዊ ተከራይ ሰለሞን ሆነ። ዋጋው በትልቁ ተጽፎ የአውሮፕላኗ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። ሰለሞን ቆጥሮ ከፈለ፣ ጋሼ ይልማም ፊት ለፊት ቆመው እየተሽኮረመሙ ተቀበሉ፣ ደረሰኝም ጻፉ። እሳቸው ከኋላ እንደ ባለሥልጣን ተቀመጡ፤ እኔን ከፊት አስቀመጡኝ። ከመሬት ለቀቅን። የባሕሩ ዳር የጨው ኩሬዎች ቀይና ብርቱካናማ ሆነው ከሥራችን ተዘረጉ፤ ኮረብቶቹ ወርቅማ መሆን ጀምረዋል። ሞተሩ ጆሮ ይነሳል፤ እኔ ግን እልልታዬን ለቀቅኩት። ከኋላ ጋሼ ይልማ በሚያጓራ ድምፃቸው ተቀበሉኝ። ሰለሞን «ጋሼ፣ አላበራም እኮ በዚህ ዓይነት!» ይላል።

ሰኞ ዕለት ዶሎረስ ቢሮአችን ደውላ «ያቺን ፋይል የምታነብ ልጅ» ብላ ጠየቀች። አለቃዬ ቀፎውን ይዞ ትንሽ አፍጥጦ አየኝና አቀበለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ እመልሳለሁ።

ጋሼ ይልማ እጃቸው መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ድረስ አውሮፕላኗን አከራዩ። ያ ውል አንድም ቀን ካሳ አልተጠየቀበትም። የኢንሹራንስ ሰው ደግ ዘመን ማለት ይህ ነው፤ ከፍለህ፣ ተዘጋጅተህ፣ ሳትጠቀምበት ማርጀት። ልጄ የሥራ ታሪኬን ስትሰማ ትልልቅ ሕንፃዎችና ፋብሪካዎች የሸፈንኩባቸውን ውሎች ነው የምትቆጥረው። እኔ ግን የምኮራው በዚያች ክንፏ ላይ ግማሽ ቡሪቶ በተቀመጠባት እሁድ ነው። አባቴን የሚያህል ሰው ውሸት እንድጽፍለት አዞኝ እምቢ አልኩት፤ እሱም ተቆጥቶ፣ አስቦበት፣ ተመልሶ መጣልኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ፈርቼም ነበር። እስከ ዛሬ እንጀራዬን የምበላው በዚያች እምቢ ባለች እጄ ነው።