የፋንታ ሰንጠረዥና የቢቸና ጣቢያ

የቢቸናው ልብስ ሰፊ ፋንታ ሽንፈት አይዋጥለትም። የሞጣው ጨርቅ ነጋዴ ከሊፋ ለገበያ መጥቶ በሰንጠረዥ አሸንፎት በሄደ ማግስት፣ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እየደገመ የቱ ጋ እንደሳተ ይፈልግ ጀመር። ሲያስብ ደግሞ ጮክ ብሎ ያወራል።

«ፈረሱን በዚህ ባስገባ ኖሮ! ንጉሡ መሸሻ የለው፤ አለቀለት!»

ሚስቱ ውበቴ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ አፉን በመዳፏ ያዘችው። ጊዜው ጥር ሃምሳ ሦስት ነው። አዲስ አበባ ላይ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ገና መክሸፉ ስለነበር፣ ቢቸና ድረስ ሰው ጎረቤቱን ይፈራል።

«ደጅ ሰው ነበር፤ ሰምቶሃል» አለችው።

ፋንታ ብቅ ሲል የሚሄድ ሰው ጀርባ ብቻ አየ። ያን ቀን አንድ ስፌት ቀጥ አላለለትም። በነጋታው ፖሊስ መጣ፤ «ሰንጠረዥህን ያዝና ቅደም» አለው።

«ስለ ንጉሡ ምን አልክ?» ሲል ጠየቀው የጣቢያው መቶ አለቃ።

«ጌታዬ፣ ስለዚህኛው ነው» አለ ፋንታ፣ በጣቱ የእንጨቱን ንጉሥ እያሳየ። «ከሞጣው ከሊፋ ጋር ስንጫወት...»

«እስኪ አጨዋወታችሁን አሳየኝ።»

ፋንታ ጀመረ፤ መሃል ላይ ሲደርስ ግን ድንጋጤው ሁሉን አጠፋበት። ላቡ ሰንጠረዡ ላይ ተንጠባጠበ። መቶ አለቃው ወደ እስር ክፍል አስገባውና ወደ ሞጣ ሰው ላከ። ፋንታ እዚያ ተቀምጦ የፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ከሊፋ ደንግጦ «አላውቀውም» ቢልስ?

ከሊፋ በበቅሎ መጣ። መቶ አለቃው ፋንታን እንዳያይ አድርጎ ለብቻው ሰንጠረዡ ፊት አስቀመጠው። ከሊፋ ሁሉንም በየቦታው እየገፋ ፋንታ ከቆመበት አልፎ ሄደ፤ «እዚህ ላይ ፈረሱን ወደ ኋላ መለሰው እንጂ ወደ ፊት ቢያስገባው ኖሮ እኔ አልቆልኝ ነበር» አለ።

መቶ አለቃው ሰንጠረዡን ትክ ብሎ ካየ በኋላ ፋንታን ከእስር ክፍሉ አስጠርቶ፣ «ሂዱ። ሁለተኛ በጆሮዬ እንዳልሰማ» አላቸው።

ውጭ ሲወጡ ፋንታ የከሊፋን እጅ ያዘ። እጁ እንደ በረዶ ነበር።

«ፈርተህ ነበር?»

«ወላሂ በቅሎዬን የጫንኩት ወደ ግንደወይን ልጠፋ ነበር» አለ ከሊፋ። «መንገድ ላይ ግን ያንተ ሚስት ደጅ ደጁን እያየች ስትጠብቅህ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።»