መሳፍንት የመረጠው ቡና

ሣህሊቱና ባሏ መሳፍንት ሲያትል ከተማ ቢከን ሂል ሰፈር የነበረውን አፓርታማቸውን ለቀው፣ ከከተማው በመኪና አንድ ሰዓት ርቃ ተራራ ሥር ባለች የገጠር ከተማ ትንሽ ሱቅ የገዙት በፈረንጆች 1993 ነው። መጀመሪያ ሲያትል የሚሸጠውን ሁሉ አምጥተው ደረደሩ፤ አቧራ ለበሰ። ያኔ መሳፍንት የሚገባውን ሰው ሁሉ መጠየቅ ጀመረ። «ቤታችሁ የምትጠጡት ቡና የቱ ነው? ሳሙናውስ?» ሰዉ ዋናውን አስቤዛ ከከተማ እንደሚያመጣ፣ እነሱ ጋ የሚመጣው ድንገት ሲያልቅበት እንደሆነ ገባው። ሲያልቅበት ደግሞ የለመደውን ማርክ እንጂ ሌላ አይፈልግም። እዚያው አጠገብ ያለው የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኞች ሰማያዊውን የጣሳ ቡና ይወዱ ስለነበር እሱን ግድግዳ ሙሉ ደረደረው። ሣህሊቱ እንግሊዝኛዋን ስለምታፍር ሒሳብ እየተቀበለች ወሬውን ለሱ ተወችለት።

በሁለተኛው ዓመት መሳፍንት ልቡን ታሞ በድንገት ሞተ። ብዙም ሳይቆይ መሰንጠቂያው ተዘጋ፤ ሠራተኞቹም ተበተኑ። ሰማያዊው ቡና አልሸጥ አለ። እሷ ግን ማዘዟን አላቆመችም።

ኬንት ከተማ ካለው መጋዘን ዕቃ የሚያመጣላት ወንድምአገኝ አንድ ቀን የቡናውን ካርቶን እንደያዘ በር ላይ ቆመ።

«እትዬ ሣህሊቱ፣ ያለፈውም እኮ አልተነካም። ሶ፣ ካንስል እናድርገው?»

«መሳፍንት የመረጠው ነው።»

«ጋሼማ ቢኖሩ እስካሁን ቀይረውት ነበር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ካርቶኑን ከእጁ ነጥቃ ጓዳ ገባች። እዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እውነቱን እንደሆነ ታውቃለችና።

በማግስቱ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ ሴትዮ ወተት ልትገዛ ገባች። ሣህሊቱ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ «ቤትሽ የምትጠጪው ቡና የቱ ነው?» አለቻት።

ሴትዮዋ ሳቀች። «መሲም ልክ እንደዚህ ይጠይቀኝ ነበር። ነግሬው ሳበቃ ደግሞ የእናትሽ ጉልበት ተሻላት ወይ ይለኝ ነበር።»

ሣህሊቱ የባሏን ስም ከሰው አፍ ከሰማች ወራት አልፏት ነበር። ስለ እናትየዋ ጉልበት ደግሞ ጭራሽ ሰምታ አታውቅም። «ሌላስ ምን ይልሽ ነበር?» አለች። ሴትዮዋ ወተቷን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ታወራላት ጀመር።

በሚቀጥለው ሳምንት ወንድምአገኝ ሲመጣ ሰማያዊውን አስቀርታ፣ በሳምንቱ የጠየቀቻቸው ሰዎች የነገሯትን ባለ ቀይ ከረጢቱን ቡና አዘዘች። ተሸጠላትም። መጠየቋን ግን አልተወችም፤ ስለ ሻማው፣ ስለ ውሻ ምግቡ፣ መልሱን የምታውቀውን ሳይቀር ትጠይቃለች። አንዳንዱ ሲመልስላት «መሲ እኮ...» ብሎ ይጀምራል፤ እሷም ሥራዋን ትታ ታዳምጣለች።