ትንኞቼና የባሌ አባት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ለመመንጠር አልተፈጠርሁም። የተወለድሁት ይፋግ፣ መኪና መንገድ ዳር ነው፤ አላፊ አግዳሚው በሚበዛበት አገር ያደገ ሰው ሁሉን በጎሪጥ ማየት ይለምዳል። ነገር ግን ከእኔ የባሰ ጠርጣሪ ቤቴ ድረስ መጣልኝ።

የባሌ አባት ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ባለፈው ክረምት ከእብናት ደብረ ታቦር እኛ ዘንድ ሊኖሩ መጡ። ገና በገቡ ሰሞን ብርዱ መታቸውና ኃይለኛ ጉንፋን አስተኛቸው። ጉንፋኑ ሲለቃቸው ምግብ ጠሉ። አንድ ጉርሻ ያኝኩና ቆም ብለው እኔን ያያሉ።

«ወጡ ምን ገብቶበታል?»

«ምንም አባባ፤ እንደ ወትሮው ነው።»

«እንደ ወትሮውስ አይደለም» ይሉና ትሪውን ገፋ ያደርጉታል።

ጠላ ስቀዳላቸው እንደ ደንቡ መጀመሪያ በመዳፌ ጠብ አድርጌ እቀምሳለሁ። በእኛ አገር ቀጂ ሳትቀምስ አትሰጥም፤ መርዝ ላለመኖሩ ምስክሩ የራሷ ጉሮሮ ነው። ሌላው እንግዳ ይህን ልብ እንኳ አይለውም። እሳቸው ግን መዋጤን ለማጣራት ጉሮሮዬን ትክ ብለው ያዩ ነበር። እንዴት እንደሚያናድድ!

ሥራዬም አላገዘኝም። ቤተ ሙከራ ውስጥ የፍራፍሬ ዝንብ አረባለሁ፤ ያቺ ሙዝ ሲበሰብስ፣ ጠላ ሲከፈት ሳትጠራ የምትደርሰው ዓይነ ቀይ ትንኝ ናት። ጠርሙሶቹን በአምፖል እያሞቅን፣ ያ ኢምንት አንጎሏ ረኀብና ጥጋብን እንዴት እንደሚያውቅ እናጠናለን። ትንኝ በእግሯም ጭምር ትቀምሳለች። እግሯን ስኳር ውሃ ስናስነካት፣ ከራባት አፏን ዘርግታ ትመጣለች፤ ከጠገበች አንጎሏ ይከለክላትና ዝም ትላለች። ይህን አንድ ቀን ለአማቴ በኩራት ባስረዳቸው፣ «ለነዚያ የምትሰጫቸውን ነው ለእኛም የምትሰጪን?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስገባ ቦርሳዬን በዓይናቸው ይበረብሩት ጀመር።

እኔም አልተኛሁላቸውም። ሰው ሳይበላ አይኖርም፤ እንግዲያው ሌላ ቤት ይበላሉ አልሁ። የባሌ እኅት ቤት ቅርብ ነው፤ እሷ ደግሞ እኔን ወዳኝ አታውቅም። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጢማቸው ላይ ፍርፋሪ እፈልግ ነበር። ባሌ በበኩሉ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ዝም አለ። አንድ ቀን ግን፣ «አባቴ እየከሱ ነው፤ እኅቴ ትውሰዳቸው» አለኝ። ደነገጥሁ። እንዲህ መንምነው ከቤቴ ቢወጡ፣ «ምራታቸው አንድ ነገር አድርጋባቸው ነው» የሚለው ወሬ ይፋግ እናቴ ጆሮ ሳይደርስ አይቀርም። የኔ ስም ቢቀር እንኳ፣ የሰውየው ጉንጭ ራሱ ገብቶ ጠፍቷል።

በዚያው ሰሞን ቤተ ሙከራ ውስጥ ውሃ ብቻ ሰጥቼ ያሳደርኋቸው ትንኞች ስኳሩን ባስነካቸው አፋቸውን አልዘረጉም።

«ማን አበላብኝ?» ብዬ ተቆጣሁ።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ ጠርሙሱን አይታ ሳቀች። «ማንም አላበላም። እነዚህ እኮ ሲፈጠሩ ስኳር የማይለዩት ናቸው። ርቧቸዋል፤ ወሬው ግን ከእግራቸው አንጎላቸው አይደርስም።»

ሳቄ አልመጣም። ከምሳዬም አልበላሁ።

በማግስቱ የጠላው ጋን አፍ በትንኝ ተሸፍኖ አገኘሁት። ብቀምሰው ሆምጣጤ ሆኗል። ልደፋው ጎንበስ ስል አማቴ ከበሩ ደረሱ።

«ምን ልትሸሽጊ ነው የምትደፊው?»

«ተበላሽቷል አባባ።»

አላመኑኝም። ጣሳውን ከእጄ ነጥቀው ራሳቸው ቀዱና ጭልጥ አደረጉት። ፊታቸው ቅጭም እንኳ አላለም።

«ምን ምን አለዎት?» አልሁ።

«ምን ይለኛል? ያው እንደ ሌላው ቀን፣ ገለባ።»

ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቄ አፍንጫቸው ሥር ያዝሁ፤ ምንም። ሎሚ ቆርጬ አስላስኋቸው፤ ምንም። «ጉንፋኑ ነው አባባ፤ ሽታውንም ጣዕሙንም ወስዶብዎታል» አልኋቸው። ጋኑን፣ ትንኞቹን፣ እኔን በየተራ አዩ።

«ይህን ትንኝ ነገረችሽ?»

«አዎ።»

መደቡ ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ያን ሁሉ ጊዜ ገለባ ሲያኝኩ፣ እኔ ፍርፋሪ ስፈልግባቸው ነበር። ሐኪሙም ኋላ ያንኑ ነገራቸው፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አላቸው። ወደ ሴት ልጃቸው ቤት መሄዱ ቀረ፤ መብላቱ ግን አልመጣም። ምን እንደሆነ የማያውቁትን ነገር እንዴት ይዋጡት?

አዲሱ ጠላ ሲደርስ እንደ ደንቡ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስሁ። ጣሳውን ሳቀርብላቸው እጃቸውን አልዘረጉም።

«ዝም ብለሽ አትዋጪ፤ ምን ምን እንደሚል ንገሪኝ።»

ሙያዬን ማንም እንዲነካብኝ አልወድም። ቢሆንም፣ «ጌሾው በዝቶበታል፤ ጭስ ጭስም ይላል። አልወጣልኝም» አልኋቸው።

እንደ ድሮው ጉሮሮዬን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ጣሳውን ተቀበሉኝ።

«ጥሩ ነው ብትዪኝ ኖሮ አልጠጣውም ነበር» አሉና ጠጡት።