ለአንድ አፍ

የተቀቀለ የሽፈራው ቅጠል ሽታ ከነጋሽ አፍንጫ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልጠፋም። ያኔ እናቱ የድስቱን ክዳን ስታነሳ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ሳይጠራ ከተፍ ይል ነበር። አሁን ጂንካ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ ቅጠሉ ለአጥንት ይበጅ እንደሆነ ለሚያጠኑ ሰዎች፣ አጥንታቸው የሳሳ እናቶች የሚበሉትን ይመዘግባል።

ከካኮ መንደር ለቃለ መጠይቁ የመጡት ሴት ወንበሩን ትተው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ወገባቸው እንደ ማጭድ ጎብጧል። ለገበያ ያመጡትን የሽፈራው ሸክም ከእግራቸው ሥር ቢያኖሩትም የገመዱን ጫፍ ከእጃቸው አልለቀቁትም።

«እማማ፣ አከርካሪዎ ተሰንጥቋል። ሐኪሙ ሸክም ይቅርብዎ አላለም?»

«ብሏል። ገመዱን ለማን እንደማቀብል ግን አልነገረኝም።»

ነጋሽ ፈገግ አለ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ሽፈራው በሳምንት ስንት ቀን ይበላሉ?»

«እሸጣለሁ እንጂ አልበላም።»

«ጓሮዎ ሞልቶ?»

«ልጄ በሕይወት ሳለች በየቀኑ እቀቅል ነበር። ለአንድ አፍ እሳት ይነደዳል እንዴ?» አሉ፣ የገበያ ዋጋ እንደሚናገር ሰው።

ነጋሽ ወደ ቅጹ አቀርቅሮ ከቅጠሉ ስም ትይዩ ዜሮ ጻፈ። ቀና ሲል ሴትዮዋም ሸክሙም አልነበሩም።